ዳገት ላይ የሚግል ዘይት

ወንድምዓለም፣

የመኪናህ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ቤቱን እንዳትበረብር።

«የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል» ያልከኝ ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ጠዋት አንተ ሳትነሳ በመኪናህ የከተማ መውጫውን ዳገት ወጣሁ።
ከተማ ውስጥ የሞተር ዘይቱ ሙቀት መቶ ዲግሪ ላይ ቆሞ ነበር፤ «አያስፈልገውም» ያልኩህም ይህን ብቻ አይቼ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግን መቶ አርባን አለፈ። ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ዘይቱን እያጋለው ነው።
ዳር ይዤ እስኪበርድ ስጠብቅ፣ ቅዳሜ እማዬን ይዘህ በዚሁ ዳገት ልትወጣ እንደነበር ትዝ አለኝ።

አሁን ማቀዝቀዣውን ፍለጋ ወጥቻለሁ። ሳልገጥመው ቁልፉን አልሰጥህም።
ለዛሬ ሥራ በአውቶቡስ ሂድ። ሻይህ ፔርሙዝ ውስጥ አለ።

መካኒኩ እኔ ነኝ እያልኩ፣ በእጮኛህ ፊት «መኪናው ደህና ነው፣ ችግሩ አነዳድህ ነው» ያልኩህን ግን...

ለእሷ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።