ሦስተኛዋ የመቃብር ቦታ፦ የወይዘሮ ኢሶቤል ራንኪን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኢሶቤል ራንኪን ከአባታቸው ከአቶ አርቺባልድ ሌኖክስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚና ጊልክሪስት እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1946 በስኮትላንድ፣ በክላይድባንክ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ ኔታ ነኝ። በአራት ዓመት ይበልጡኛል። ቄሳችን “እኔ ልጻፍልሽ” ብለውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ትምህርቴን በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው የተውኩት። ቢሆንም እህቴን እንደ እኔ የሚያውቃቸው የለም። ሰው ደግሞ የሚቀናበትን ሰው አጥርቶ ያያል።

ወላጆቻችን ያረፉበት መቃብር ሦስት ሰው ይይዛል፣ አንዱን በአንዱ ላይ። አባታችን በ1969 ገቡበት፣ እናታችን በ1988። አንዲት ቦታ ቀረች። እናታችን ከመሞታቸው በፊት የመቃብሩን የባለቤትነት ወረቀት ለእኔ ሰጡኝ። ቦታዋን እኔም ፈለግኋት፣ እህቴም ፈለጓት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየገናው ማዕድ ላይ ተጨቃጨቅንባት። እዚህ ላላችሁ ጎረቤቶቻችን ይህ አዲስ አይሆንባችሁም፤ የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባታችን የሥራ ቱታ ነው። አባታችን በመርከብ መሥሪያው ቧንቧ ሸፋኝ ነበሩ። አስቤስቶስ የሚባለውን ዱቄት በባልዲ በውሃ ለውሰው የመርከቡን የእንፋሎት ቧንቧ በእጃቸው ይለስኑ ነበር። ይህን የሚሠሩትን ሰዎች “ነጫጭ አይጦች” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እውነትም ከሥራ ሲመጡ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ነበር። እናታችን ከሰዓት በኋላ ፋብሪካ ስለሚውሉ ቱታውን የማራገፉና የማጠቡ ሥራ የታላቅ ልጅ ሆነ። በሰፈራችን ልማዱ እንዲህ ነበር፤ የአባት ቱታ የታላቅ ልጅ ነው።

እህቴ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አርብ አርብ አባታችንን በጓሮ በር ይቀበሏቸው ነበር። አባታችን እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ እህቴ በብሩሽ ከትከሻ እስከ እግር ያራግፏቸዋል። አባታችን ቤት ከገቡ በልተው የሚተኙ፣ ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። የሚያወሩት እዚያ አቧራ ውስጥ ብቻ ነው። የትኛው መርከብ ባሕር እንደገባ፣ ማን ከመሰላል እንደወደቀ፣ አለቃው ምን ብሎ እንደተሳደበ፣ ሁሉንም ለእህቴ ይነግሯቸዋል። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየሁ ሳቃቸውን እሰማለሁ።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ብሩሹን ነጥቄ ቀድሜ ሮጥኩ። አባታችን “ኔታ፣ ለታላቅሽ ስጪ። አንቺ ገና ትንሽ ነሽ፣ ያስልሻል” አሉኝ። እህቴ ደግሞ “ወረፋሽን ጠብቂ፣ አንቺ ንፍጣም!” አሉኝ። ብሩሹን ከሰል ክምር ውስጥ ወረወርኩት።

ወረፋዬ አልደረሰኝም። እህቴ በ1968 አቶ ሂዩ ራንኪንን ሲያገቡ አባታችን ታመው ሥራ አቁመው ነበር። እያሳሉም ቢሆን እጃቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን አስገቧቸው። በዓመቱ ሞቱ፤ ሐኪሙ “ብሮንካይት ነው” አለ። እኔ ሳገባ ያስገባኝ አጎቴ ነው።

ወይዘሮ ኢሶቤል በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ። ከ1962 ጀምሮ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አርባ ዓመት አገለገሉ። መጽሐፍ አቆይቶ የመለሰ ሰው ዓይናቸውን ይፈራ ነበር። ልጆቻቸውን ኪርስቲን በ1970፣ ኮሊንን በ1973 ወለዱ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

በጃንዋሪ 2003 የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ሆስፒታል ገብተው ከሳንባቸው ዙሪያ ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ተቀዳ። አብሬያቸው ነበርኩ። ሐኪሟ “መርከብ መሥሪያ ሠርተው ያውቃሉ?” ብላ ጠየቀቻቸው።

እህቴ “እኔ? የእኔ ሥራ መጽሐፍ ማዋስ ነው” አሉ።

“የሠራተኛ ልብስስ ቤት ውስጥ አጥበዋል?”

እህቴ ወደ እኔ ዞሩ። የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው ተባለ። ዱቄቱ አንዴ ከተሳበ አርባ ዓመት አድፍጦ ይቀመጣል። ለአባታችን ይህን የነገራቸው አልነበረም፤ ቢያውቁ ኖሮ ልጃቸውን አያስጠጉም ነበር። እኔም ራጅ ተነሣሁ፣ ንጹሕ ነው አሉኝ። ያን ብሩሽ ቢተዉልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ።

ይህን እያወቅሁ የመቃብሩን ወረቀት አልሰጠኋቸውም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያውም ባሰብኝ። የአባታችን በሽታ እንኳ ለእሳቸው ደረሰ ብዬ ቀናሁ።

በኦክቶበር መተኛት አቅቷቸው ትራስ ተደግፈው ይውሉ ጀመር። አንድ ቀን ሾርባ ሳቀርብላቸው “ኔታ፣ ቦታዋን አንቺው ውሰጃት። እኔን ሂዩ አስቃጥሎ ወንዙ ላይ ይበትነኝ” አሉኝ።

“ምን ነካሽ? አሥራ አምስት ዓመት አንገቴን አንቀሽ?”

“አባባ ሳራግፈው ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ? ‘ያቺ እልኸኛ አሁንም በመስኮት እያየች ነው?’ ይለኝ ነበር። ሁልጊዜ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ቀንቼ ነዋ! የማራግፈው እኔ፣ ዓይኑ አንቺ ላይ!”

ሾርባው ቀዘቀዘ። በማግስቱ ወረቀቱን አምጥቼ ብርድ ልብሱ ላይ ጣልኩላቸውና “ያዢ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ” አልኳቸው። እህቴ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ “ስትሰጪም እንደምትማቺ ነው” አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቦታዋ አላነሣንም።

ወይዘሮ ኢሶቤል ኖቬምበር 18 ቀን 2003 በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። በዚህ ጉባኤ ውስጥ ቱታ ያራገፋችሁ ሴቶች ብዙ ናችሁ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ለሐኪም “የቤት እመቤት ነኝ” ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የማንን ልብስ እንዳጠባችሁ ተናገሩ።

ዛሬ በሦስተኛዋ ቦታ፣ ከአባታችንና ከእናታችን ጋር፣ እህቴ ይገባሉ። ወረቀቱን ፈርሜ የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው። ቅናቴ ግን አልወጣልኝም፤ ዛሬም አባታችን ዘንድ የሚቀድሙኝ እሳቸው ናቸው።

አቧራ በሌለበት፣ ትንፋሽ በማያጥርበት ስፍራ፣ ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።