የግብፃዊቷ ለቅሶ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ከሥራ መልስ ልብስ እያጠፍኩ የአስጎብኚነት ንግግሬን ደገምኩት። በሙዚየሙ ስላለችው የጥንት ግብፃዊት የሬሳ ሳጥን ቀለም፣ አስከሬን ስለሚያደርቁበት ጨው... አንድም ቃል አልዘለልኩም። ታዲያ ለምን ፈራሁ? ባለፈው የሙዚየሙ ፈታኝ ሚስ ሄለን፣ መጽሐፍ ታነቢያለሽ እንጂ እንግዶችሽን አታዪም ብላ ጣለችኝ። ቅዳሜ የመጨረሻ ዕድሌ ነው፤ እንግዶቼንም ራሴ ማምጣት አለብኝ። እማዬ የማኅበሯን ሴቶች ለምናልኛለች... እግዜር ያውጣኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ልሳቅ ልደንግጥ... እንጃ።
እማዬንና ሦስት ጓደኞቿን ከሰፈራችን ከሞንትቤሎ በመኪና ጭኜ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩ። ግብፃዊቷ ዘንድ ስንደርስ ትልቋ፣ እትዬ ትርፌ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ንግግሬን ማን ይስማ?
ግብፃዊቷ የማን ዘመድ እንደሆነች እትዬ ትርፌ ጠየቁኝ። ዘመዷም ስሟም እንደማይታወቅ፣ ስትሞት ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት ገደማ እንደነበረ አስረዳሁ።
"ሦስት ሺህ ዓመት የተኙትን ሴትዮ 'እሷ' ትያለሽ? አሳዳጊ የለሽም እንዴ?"
እማዬ አቀረቀረች።
"ለመሆኑ ለቅሶ ማን ተቀመጠላቸው?"
ይሄ ንግግሬ ውስጥ የለም። እትዬ ትርፌ ተነሡ፤ ከግብፃዊቷ ራስጌ የቆምኩት እኔ ነበርኩና እጄን ያዙ።
"እግዚአብሔር ያጽናሽ።"
ሌሎቹ ተሰለፉ። እማዬም ተሰለፈች! እኔም እንደ ሐዘንተኛ ጎንበስ እያልኩ አሜን፣ አሜን...
ልትፈትነኝ ከኋላችን የምትከተለው ሚስ ሄለን መጻፏን አቁማ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እኛ ዘንድ ሟች ያለ ሐዘንተኛ አይተውም፤ ዘመድ ስላጡላት እኔን ዘመድ አደረጉኝ አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ... ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ በተራዋ እጄን ጨበጠች።
ጨውን ረሳሁት። ፈጽሞ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
አለፍኩ! የአስጎብኚነት ባጄን ፒጃማዬ ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ማንም አያየኝም።
ሚስ ሄለን ደውላ፣ ጨውን ረስተሽዋል፣ እንደረሳሽው ይቅር አለችኝ። በዚህ አልስማማም፤ ጨው መሠረታዊ ነገር ነው። በየጉብኝቱ ከለቅሶው ታሪክ በኋላ እናገረዋለሁ።
ማታ እትዬ ትርፌ ደወሉ። እንኳን ደስ አለሽ ሊሉኝ መስሎኝ...
"የሴትዮዋን አርባ ከመቼ እንቁጠረው?"
ይህንን ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ አይመልሰውም።
"ከቅዳሜ" አልኩ፤ የሟች ዘመድ ነኛ።