መስኮት ወይስ አጠገቤ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ እንጅባራ

አባባ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድ ሊሄዱ ነው፤ አብሬያቸው የምሄደው እኔ ነኝ። ሐኪሙ “በመንገድ ላይ ጋደም ይበሉ” ስላላቸው ወንድሜ ለሁለታችንም ወንበሩ እንደ አልጋ የሚዘረጋ የቢዝነስ ክላስ ትኬት ቆረጠ። ወንበር መምረጡ ለእኔ ቀረ።

መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ እጄን ብዘረጋ አባባ ጋ እደርሳለሁ። የመስኮቶቹ ግን ነጠላ ነጠላ ናቸው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠም ቢሆን በስልኬ መሃሉን መረጥኩና ነገርኳቸው።

“መስኮት የለውም?” አሉ።

“የለውም አባባ። ግን አጠገብዎ ነኝ።”

“አንቺማ መቼ ከአጠገቤ ጠፍተሽ ታውቂያለሽ! አገሬን ግን ከላይ አይቼው አላውቅም። ልመለስ አልመለስ ማን ያውቃል?”

እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ሳቅ እምቢ አለኝ።

ቀየርኩት። እሳቸው መስኮቱ ጋ፣ እኔ ከኋላቸው። ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ እጠብቃቸዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በኋላ የወንበሩን ፎቶ ከፍቼ አየሁት። ጀርባው ረጅም ነው፤ እንኳን ትከሻ ራስም አያሳይ።

አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ “መስኮት ደረሰኝ” እያሉ ነው። እኔ ወንበሩን ወደ መሃል ልመልሰው ወይስ ልተወው እያልኩ ስልኩን አስቀምጠዋለሁ፤ ደግሞ አነሳዋለሁ።