ካሌብ ከምድር ቤት የላከው ጨዋታ

ለምወድሽ እህቴ ለአለምነሽ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? በክረምት ያስቸገረሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ዓርብ ዓርብ ያሳርፉሻል? እዚያ ዮርዳኖስ፣ ዐማን፣ ብርዱ ገብቷል ሲሉ ሰምቼ እግርሽን አሰብኩ፤ ድሮም ብርድ አትችዪም። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ሰሊጡ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሙቀቱም በረድ ብሏል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ልል ነበር፤ ግን በውሸት አልጀምርልሽም።

ይህን ወረቀት የጻፍኩልሽ ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ነው። ኔትወርኩ እንደምታውቂው መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ይህን ወሬ ግማሹን ሰምተሽ እንድትቀሪ አልፈለግሁም። ብቻሽን ስትሆኚ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የወንድማችን የካሌብ ነገር ነው።

ጥቅምት ሊወጣ ሲል ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሱዳናዊ ከጋላባት በእግራቸው ተሻግረው፣ "ኮምፒውተር የሚጠግነው የካሌብ ወንድም" እያሉ ጠይቀው ሱቄ ድረስ መጡ። በሩ ላይ ቆመው "አያ፣ እንዴት ዋልህ?" አሉኝ። እታለም፣ ፀጉሬ ቆመ። "አያ" ብሎ የሚጠራኝ ካሌብ ብቻ ነበር። ቃሉን መጨረሻው ላይ ጎተት ማድረጋቸው እንኳ የእሱ ነው። አብዱረሕማን ይባላሉ፤ ካሌብ ኦምዱርማን ይሠራ የነበረው በእሳቸው ጥገና ቤት ነው። አማርኛ ያስተማራቸው እሱ ስለሆነ አማርኛቸው ሁሉ የእሱ ነው። ስሜም "አያ" ይመስላቸዋል።

ከኪሳቸው አንድ ፍላሽ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ውስጡ ፎቶ የለ፣ ድምፅ የለ፤ ያ የኮምፒውተር ጨዋታ ብቻ ነው።

ያ ጨዋታ ስልሽ ታውቂዋለሽ። ሱቁን በከፈትኩ ጊዜ ከጎንደር በሲዲ ያመጣሁት፣ ዓለም በጦርነት ከነደደች ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ሰው ከመሬት ሥር መሸሸጊያ ወጥቶ በፈረሰው አገር የሚንከራተትበት። ካሌብ ከትምህርት ቤት መልስ ተተክሎበት ሲውል "የተቃጠለ አገር ምን የሚታይ ነገር አለው?" ትይው ነበር። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ክፍል ወጣ፤ ሥዕላቸው ዓይን የሚያፈዝ ሌሎች ጨዋታዎችም መጡ። ደንበኞቼ ኳሱንም መኪናውንም ሞካክረው ዞረው ዞረው እሱኑ ይጠይቁኛል። አምስት ጊዜ ጨርሶ ስድስተኛ የጀመረ አስተማሪ አለ። ባዶ ቤት ትገቢና የሞተ ሰው ትቶት የሄደውን ማስታወሻ ታነቢያለሽ፤ መንገድ ላይ ያገኘሽውን ብትረጂው ወይም ብትዘርፊው ያ አገር አይረሳልሽም። ሰው ለምን እንደማይጠግበው የገባኝ ግን አብዱረሕማን የሆነውን ሲነግሩኝ ነው።

የካሌብ ስልክ የተቋረጠው የሱዳኑ ጦርነት በተነሳ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ለካስ ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ቀን ኖሯል። ከጥገና ቤቱ ሥር ባለ ምድር ቤት አሥራ አንድ ሆነው ተደብቀው ነበር። ጣሪያው ላይ በተረፈች አንዲት የሶላር ሰሌዳ ላፕቶፑን እየሞሉ፣ ካሌብ ጨዋታውን ይከፍትና ሰዉ ዙሪያውን ይቀመጣል። አንዲት ጎረቤት ሴትዮ "እላያችን ላይ እየነደደ ሌላ ቃጠሎ ታሳየናለህ?" ብለው ተቆጡት። እሱም "እናቴ፣ የውጭው ገና እየነደደ ነው። የዚህኛው ግን እሳቱ አልፏል፤ ይዩ፣ ሰው ጎመን ተክሏል" አላቸው። ከዚያ በኋላ ከማንም ቀድመው የሚቀመጡት እሳቸው ሆኑ። ጨዋታው ውስጥ መንገደኛ ውሃ ሲለምን "ስጠው" የሚሉትም እሳቸው ነበሩ ይላሉ አብዱረሕማን።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው አለቀ። ካሌብ ጨዋታውን እስከ ደረሰበት ድረስ ፍላሹ ላይ ገልብጦ ለአብዱረሕማን ሰጣቸውና "ምናልባት ብዘገይ ለአያ ይስጡልኝ፤ ሳላስፈቅደው ነው ገልብጬ የመጣሁት" አላቸው። ሁለት ጀሪካን ይዞ ወጣ። አልተመለሰም። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቁት፤ ሐኪም ቤቱን ሁሉ ዞሩ። በሕይወት አየሁት ያለ የለም፤ አስከሬኑንም ያየ የለም። ከዚያ ሸሽተው፣ ገዳሪፍ ላይ ታመው ከርመው፣ እኛ ዘንድ ለመድረስ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ፈጀባቸው።

ፍላሹን ሦስት ቀን ሳልነካው ቆየሁ። በአራተኛው ከፈትኩት። የጨዋታው ሰው ሴት ናት፤ ስሟ አለም ነው። በአንቺ ነው የሰየማት። በዚያ የአመድ አገር፣ ጉብታ ላይ፣ ከቆርቆሮና ከሳንቃ ቤት ሠርቶላታል። ለአንድ ሰው አንድ አልጋ ይበቃ ነበር፤ እሱ አራት አስገብቷል። እሷ ከበሩ ውጭ ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራ ቆማለች። ነፋሱ አቧራውን ያነሳል፣ እሷ ንቅንቅ አትልም። አንድ ጣቴን ባንቀሳቅስ ትራመድ ነበር። ግን ያ እርምጃ የእሱ አይሆንም። ተውኩት።

ለእማዬ መንገር ከበደኝ፤ መደበቅ ደግሞ ባሰ። ስነግራት ነጠላዋን አጣፍታ ሱቅ ድረስ መጣች። እዚያ ገብታ አታውቅም። "ይህች ማን ናት?" አለችኝ። "አለምነሽ ናት፤ የሚያራምዳት ግን ካሌብ ነበር" አልኳት። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ "ውሃ ይዛለች?" አለች። ቦርሳዋን ከፍቼ አየሁላት፤ ሰባት ጠርሙስ አለ። "ለእሷ ሰባት ይዞላት፣ እሱን ጥማት አስወጣው" አለች። አላለቀሰችም። ታውቂያታለሽ፣ ብታለቅስ ይሻል ነበር።

የንስሐ አባቷ ስለ ተዝካር ቢያነሱባት "አፈር ሲለብስ ያላየሁትን ልጅ በአፌ አልቀብርም" አለቻቸው። ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ እኔ ሞቷል ብዬ አምናለሁ። በሕይወት ቢኖር እየዳኸም ቢሆን ይመጣ ነበር። እሷ ፊት ግን አልተነፍሰውም፤ አንቺም ስትደውዪ እንዳያመልጥሽ።

አብዱረሕማንን ከእኛ ጋር አስቀምጠናቸዋል፤ የሚተኙት ካሌብ ክፍል ነው፣ ቀን ቀን ሱቅ ያግዙኛል። ከኋላዬ "አያ" ሲሉኝ እስካሁን እደነግጣለሁ። ከሰዓት ከሰዓት እማዬ አጠገባቸው ተቀምጣ ወሬ ታስጀምራቸዋለች። ስለ ምንም ቢያወሩላት ግድ የላትም። ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሰማቸው።

እንግዲህ እታለም፣ ለብቻሽ አታልቅሺ፤ የአገር ልጅ ፈልጊና አብራችሁ ሁኑ። ባለቤቴ መሠረት እቅፍ አድርጋ ትስምሻለች። ልጃችን ጸዳለ "አክስቴ ድምፅሽ ናፈቀኝ" ብላለች። ጎረቤታችን ጋሽ ጀይሉ ጉልበትሽን ያበርታው ይሉሻል። አብዱረሕማን "ስሟን አውቀዋለሁ" ብለው ሰላምታቸውን ልከዋል። እማዬ ጉንጭሽን፣ ግንባርሽን፣ ዓይንሽን ስማሻለች።

ይህን ሰላምታውን ብቻ ሳነብላት "የቤቱን ሰው ሁሉ ጠርተህ አንዱን ረሳህ" አለችኝ። ብዕሩን እስካነሳ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሳችም። ካሌብም ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ ባየልኝ
መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.