ወደ መንገዱ የሚያየው መስኮት

ይድረስ ኩዌት ላለችው ልጄ ለትርንጎ፤

ከአፌ የማትጠፊው ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አገርሽ ገሳይም ደህና ናት፣ ገብሱ ታጭዷል።

የላክሽው የቤት ፕላን ቆንጆ ነው፤ ግን የሞቃት አገር ቤት ነው። አዲሱን የአረንጓዴ ግንባታ ደንብ ይዞ ከደብረ ታቦር የሚመጣው መሐንዲስ ደሳለው አይቶት ሳቀ። «እማማ፣ እዚህ ቤት የሚሠራው ንፋስ ለማስገባት ሳይሆን ፀሐይ ለመያዝ ነው» አለኝ። ዋልካ ክረምት አብጦ በጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ግድግዳውን ይዞት እንዳይሄድ ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ በድንጋይ አስሞላው። መስኮቶቹንም ከጉና ተራራ ንፋስ አዙሮ ለፀሐይ ሰጣቸው። ካንቺ ክፍል የሚሞቅ የለም፤ አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ የምስራች ከዚያው ከኩዌት ለእረፍት መጥታለች፤ ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመለሰው እሷ ናት። «ትርንጎ እንዴት ናት?» ብላት «አገሩ ሰፊ ነው» አለችኝና ስለ ገብሱ ጠየቀችኝ። ስልክሽም የማይነሳው ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል።

ከደሳለው ጋር በአንድ ነገር ብቻ ተጣላን። ወደ መንገዱ የሚያየው መስኮት ብርድ ስለሚያስገባ ይደፈን አለ፤ እንቢ አልኩት። «ደንቡ አይፈቅድም፣ እርስዎም ይበርድዎታል» ቢለኝ፣ «ብርዱ ይግባ፣ ጋቢ ደርቤ እችለዋለሁ» አልኩት። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውቶቡስ ሰው የሚያወርደው እዚያው ፊት ለፊት ነው።

ባለሽበት መድኃኔዓለም አይለይሽ።

መስኮቱ ሥር የምትውለው እናትሽ፣
እቴነሽ