በቀኝ በኩል ስላለው ጉድጓድና በግራ በኩል ስለተቀየረው ኩሽኔታ

ጆሮዬ ደህና ነው፤ ስለ እሱ አይጨነቁ። ይልቅ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ፣ የተከበሩ የመንገድ ጥገና ኃላፊ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ወንበርዎስ ደህና ነው? ወንበርዎን አጥብቄ የምጠይቀው፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ኮትዎ ብቻውን ተቀምጦበት ስለማገኘው ነው። ኮትዎ መልካም ሰው ነው፤ አንድም ቀን አልተቆጣኝም።

አንደኛ፣ ስለ ጉድጓዱ አመሰግናለሁ። ከደጃፌ ስንወጣ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ያቆዩልን ጉድጓድ አድጎልናል። ስንት ልጅ ሳሳድግ ያለ እንክብካቤ እንደ እሱ የፋፋልኝ የለም።

ሁለተኛ፣ ልጄ ሕፃናት ከቤት ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ልጆቹን አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። በየማለዳው አንድ ጎማችን ጉድጓድዎ ውስጥ ዘፍ ይላል። ዘፍ ሲል ሲል መኪናው ማጉረምረም አመጣ፤ ቀስ ሲል ዝም፣ ሲፈጥን እንደተነካ የንብ ቀፎ። የእህቴ ልጅ፣ እናቱ ስትሞት ከልጄ ጋር ባንድ አልጋ ያሳደግኩት መካኒክ፣ የጎማ ኩሽኔታ ተበልቷል አለ። ኩሽኔታ ማለት ጎማው ሳይንገዳገድ እንዲዞር የሚያደርግ ኳስ የተደረደረበት ቀለበት ነው፤ ለእርስዎ መኪና ሌላ ሰው ስለሚያስብለት ላያውቁት ይችላሉ ብዬ ነው። የትኛው እንደሆነ እንድለይ ሁሉንም በክሪክ እያነሳሁ ላሽከርክራቸው ቢል፣ ከኋላ ሆኜ ስሰማው የከረምኩት እኔ፣ ምን መልፋት ያስፈልጋል፣ ግራው ነው አልኩ።

ግራውን ፈታው። ግራሶው ንጹሕ፣ ኳሶቹም ያብለጨልጫሉ። ቀና ብሎ አየኝና፣ “እማዬ፣ ይሄ እንኳ ደህና ይመስለኛል” አለ። እኔ ታዲያ ውሸታም ነኝ ወይ አልኩት። ያሳደገችውን ሴት ውሸታም የሚልበት አፍ የለውም፤ ቀየረው።

ሦስተኛ፣ ሦስተኛው ይከብደኛል። ብዙም ሳይቆይ፣ ሕፃናቱን እንደጫንን፣ የቀኙ ጎማ እየጨሰ መሀል መንገድ ላይ ቆምን። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ጭሱን ወደውት ነበር። ለእርዳታ የመጣው ሌላ መካኒክ የቀኙን ጎማ አንስቶ በእጁ እያሽከረከረ፣ ስሚው ብሎ ከጎማው በላይ ያለውን ሞላ በጣቴ አስያዘኝ። ጠጠር የምትፈጭ ወፍጮ ናት። በጆሮዬ ያልለየሁትን በጣቴ ሰማሁት።

ልጄ ከዚያው ይዞኝ ሄዶ የእህቴ ልጅ ጋራዥ በር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ “ሕፃናት ልትጨርስብኝ ነበር፤ ሁለተኛ ወንድሜ እንዳትለኝ” አለው። ከዚያ ወዲህ እዚያ በር ላይ መኪና የሚያቆም ደንበኛ የለም። የእህቴ ልጅ ግን፣ ግራው ነው ያለችኝ እማዬ ናት አላለም። ዓይኑን እንኳ ወደ እኔ አላዞረም። እኔም ቆሜ፣ ምንም ያልነካውን ቀሚሴን አራገፍኩ።

አራተኛ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ፤ ይህን ወረቀት ያነሳሁት ጥፋቱን አንድ ሳላስቀር ላሸክምዎ ነበር። ጉድጓዱ በቀኝ ነው፣ የተበላውም የቀኝ ጎማ ነው ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። በየማለዳው በቀኝ ጎማ ዘፍ የምትለዋ ሴትዮ፣ ግራው ነው ያለችው በምኗ ሰምታ ነው? ክሱን ወደ እርስዎ በወረወርኩት ቁጥር እየነጠረ እኔኑ ግንባሬን ይለኛል።

እንግዲያው ይስሙ። ቀኝ ጆሮዬ ካረፈ ቆይቷል። አርጅታለች፣ ከመኪናው ትውረድ፣ ቤት ትቀመጥ እንዳልባል ደብቄው ነው። ባንድ ጆሮ ለሚኖር ሰው ዓለም ሁሉ የሚያጉረመርመው ከግራ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱን ለእርስዎ፣ ግራውን ኩሽኔታ ለእኔ ይጻፉ፤ የእህቴ ልጅ እጁም ስሙም ንጹሕ ነው። መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው ይህን ወረቀት ጉድጓድዎ አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ቢሮዎ ባስገባው ኮትዎ ብቻውን ያነበዋል ብዬ ነው።

በባዶ ወንበርዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ የኮትዎ ወዳጅ፣ የጉድጓድዎ ሞግዚት ነኝ።

የተረሳች ነገር፦ የኔ የደነቆረው አንዱ ነው፤ የመሥሪያ ቤትዎን ሁለቱንም ያስመርምሩልን። ደግሞም ዝናብ ሳይመጣ አንድ ጋሪ ጠጠር እንኳ ቢ... ምራቴ በር ላይ ሰው አለ እያለችኝ ነው። የቆመችው በቀኜ ስለሆነ ስንት ጊዜ እንደጠራችኝ እንጃ። የእህቴ ልጅ ነው፤ እኔው አስጠርቼው ነው። ልጄም ቤት አለ። ከመለጠፌ በፊት ለሁለቱ ላነብላቸው ነውና፣ እርስዎ እንደኛው ትንሽ ወረፋ ይጠብቁ።