ከሳፋ ሳልርቅ የተጓዝኩት አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ

ለተከበሩ የአረጋውያን ጤና ክትትል ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ስክሪኖችም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ስክሪኖቹ እንደሚነግሩዎ፣ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። አርባ አንድ ዓመት ኮትና ሱሪ ስሰፋ ኖሬ፣ ዛሬ በሰባ አራት ዓመቴ በሳሎኔ መስኮት ሥር የጎረቤት ዚፕ እየቀየርኩ፣ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልተነሣች ባለቤቴን የማስታምም ሰው ነኝ።

በቅድሚያ ከአራት ወር በፊት ቢሮዎ በግራ እጄ ላይ ስላሰረልኝ እርምጃ ቆጣሪ አምባር አመሰግናለሁ። ያሰሩልኝ ባለሙያ አምባሩ ከልጅ በላይ እንደሚጠብቀኝ ነግረውኛል፤ ልጅ ስላልወለድን ማወዳደር አልቻልኩም። ቅሬታ ማቅረብ በዕድሜዬ ነውር ስለሚሆን፣ ምስጋናዬን በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ከጠዋት እስከ ምሳ የስፌት መኪናዬን በሁለት እግሬ ስረግጥ፣ አምባሩ ተቀምጠዋልና ተነሥተው ይንቀሳቀሱ እያለ እጄን ይነዝረኛል። እጅ ላይ ታስሮ እግርን ከወዴት ያያል ብዬ አልፈረድኩበትም። ጨርቅ የያዘ እጅ ካልረጋ ስፌቱ እንደሚጣመም ግን ላስረዳው አልቻልኩም።

2ኛ. በአንጻሩ የባለቤቴን አንሶላ በሳፋ ሳጥብና የሰለለ እግሯን በቅባት ሳሽ፣ እጄ ወዲያና ወዲህ ስለሚል አምባሩ መንገድ የወጣሁ ይመስለዋል። አንሶላ በሚበዛበት ቀን ከሳፋው ሳልርቅ አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ እሄዳለሁ። ቢሮዎም የወሩ ብርቱ ተራማጅ ብሎ የምስክር ወረቀት ልኮልኛል። ለባለቤቴ ባሳያት በሚታዘዝላት የአፏ ጎን ሳቀች፤ ከሳቀች ስለቆየች ለዚህ ያመሰገንኩዎ ከልቤ ነው።

3ኛ. ማክሰኞና ዓርብ እየመጡ ከእኔ ጋር ባለቤቴን የሚያገላብጡት፣ የጀርባዋን ቁስል የሚጠርጉት ነርስ ከቀሩ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ከቢሮዎ የደረሰኝ ደብዳቤ እንደሚለው በቀን ከስምንት ሺህ እርምጃ በላይ የሚሄድ አስታማሚ ያለበት ቤት የነርስ እገዛ አያስፈልገውም። አንሶላዋን ባጠብኩ ቁጥር ነርሷን ሳርቅባት ከርሜአለሁ ማለት ነው። ወደ ቢሮዎ መጥቼ ለመስኮቱ ሠራተኛ ሳፋውን፣ እጥበቱን፣ እሽታውን በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ። እሳቸውም በትሕትና አድምጠው ስክሪናቸውን ከተመለከቱ በኋላ፣ እዚያው ቆሜ ሃያ ስምንት እርምጃ እንደጨመርኩ ገልጸው እንኳን ደስ አለዎት አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ስክሪን ግን የባሰበት ነው።

4ኛ. ሲያጥቡ ያውልቁት እንዳይሉኝ፣ እኛ አረጋውያን ረስተን እንዳንተወው ታስቦ ማሰሪያው በቢሮዎ መክፈቻ ካልሆነ አይፈታም። የቆረጠ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ከመዝገብ ከተሰረዝኩ የባለቤቴ መድኃኒትም አብሮ ይቀራል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩልዎ። ቁጥሩ እንዲወርድ ብዬ አንድ ቀን አንሶላዋን ሳልቀይር ለመዋል ሞከርኩ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስከ ምሳ እንኳን አልቻልኩም። በሃምሳ ዓመት ትዳራችን እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት የለም።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ በቁጥር የምጽፈው አላገኘሁም። ብቻዬን ላገላብጣት አልችልም፤ ወገቤ እምቢ ይለኛል፣ እሷም እንዳይከብደኝ ብላ ሕመሟን ትደብቀኛለች። ቁስሉ በነርሷ ጊዜ የሳንቲም ያህል ነበር፤ ዛሬ መዳፌ አይሸፍነውም። ፈርቻለሁ። ነርሷን ይመልሱልን፤ ካልሆነም አንድ ቀን እርስዎ ራስዎ መጥተው በዓይንዎ ይዩልን።

ለከበረ ጊዜዎ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ እጄ ባለበት ሁሉ እግሬም እንዳለ አምኖ ለሸለመኝ ቢሮ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

የወሩ ብርቱ ተራማጅዎ፣
ጡረተኛው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው፣ በዚህ ቤት መንቀሳቀስ የማይችል ሰው እንዳለ ቢታወቅልን ብዬ፣ ማሰሪያውን ሳልቆርጥ ስፌቱን በመተርተሪያዬ ተርትሬ፣ በባለቤቴ በማይታዘዛት ክንድ ላይ መልሼ ሰፋሁት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቢሮዎ ተደውሎ ባለሙያ እየመጣ ነው ተባልኩ። በሁለት ዓመት እንዲህ ፈጥኖ የመጣልን ስላልነበረ ደስ ብሎን፣ ፀጉሯን አበጠርኩላት፤ ንጹሕ ነጠላ ጫማም ለእንግዳው በር ላይ አኖርኩ። ባለሙያው አልጋው አጠገብ በርከክ ብለው፣ ክንዷን በጥንቃቄ አንሥተው አምባሩን ከመረመሩ በኋላ፣ መሣሪያው ምንም እክል እንደሌለበት አረጋግጠውልን ሄዱ።